የበረኛዋ ምዕራፍ

መስከረም 5

እቴቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቆመሽ ትሳደቢያለሽ ወይስ ታርቃችኋል? እኔ ደህና ነኝ። በመዘግየቴ ይቅር በይኝ። ሰበብ አላጣሁም፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ተቀምጣ የሰው ሰበብ በጽሕፈት መኪና ስትመታ ለኖረች አክስት ሰበብ መደርደር ድፍረት ነው።

በየዓመቱ መጀመሪያ እንደማደርገው ሪፖርቴን ላቅርብ። አምና ሁለት መጽሐፍና አንድ ካርታ አቅጄ ነበር፤ አንድ መጽሐፍና ግማሽ ካርታ ሆነ። ሦስት አጫጭር ታሪኮች ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። የአንደኛውን ጀግና እንዲያውም መሰላል ላይ እንደወጣ ትቼዋለሁ፤ እስካሁን እዚያው ነው። የምጽፈው ዛሬም በምሳ ሰዓት፣ በአሳንሰር መለዋወጫ መጋዘናችን ውስጥ ከብረት ገመድ ጥቅልሎቹ ጀርባ ሳጥን ላይ ነው። ገጹ ላይ ጥቁር ነገር ስታዪ ሥርዓተ ነጥብ እንዳይመስልሽ፣ ቅባት ነው።

አንቺ አምና የመታሽልኝ አምስተኛው መጽሐፍ በነሐሴ ታትሞ ወጣ። እንደ ወትሮው ያለ አሳታሚ፣ ራሴ አሳትሜ፣ ራሴ ተሸክሜ። መጽሐፍ ሻጩ እንደሚለኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ በረኛዋ ነው። ስለ ንጉሡ አንድም ሰው አልጠየቀም፣ እኔ ግን አምስት መጽሐፍ ሙሉ ያገለገልኩት እሱን ነው! እውነቱን ልንገርሽ፣ በአምስተኛው ላይ በረኛዋ የምትናገረውን ሳነብ እኔው ራሴ ደንግጫለሁ። እንዲህ አድርጌ መጻፌን አላስታውስም።

ስንት ቀረህ ብለሻል። አንድ። ስድስተኛውና የመጨረሻው፤ አሥራ ስድስት ምዕራፍ። የዓመቱ ዕቅዴ እሱ ብቻ ነው፣ በሰኔ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከሐይቁ ሥር ያለችው ከተማ ሰባት በር እንዳላት ታውቂያለሽ። በረኛዋ ሰባተኛው በር ላይ ቆማ ሌላውን ሁሉ ታስወጣለች፣ ራሷ ግን ወጥታ አታውቅም። በአሥራ አራተኛው ምዕራፍ ሐይቁ ይሞላል፣ በሩ ይዘጋል፣ በረኛዋም ትሞታለች። ካልሞተች ታሪኩ አያልቅም።

ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ሁለት መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ተመትቶ መሃሉን ማንበብ አቃተኝ። ሪባኑ አርጅቶ ይሆን?

ስለ ሌላው ነገር በዚህ ወር ሁልጊዜ ዝም እንደምንባባለው ዘንድሮም ዝም ብያለሁ።

ያንቺው ውሸቴ


መስከረም 28

ውሸቴ፣

ዓመቱን በሞት ጀመርከው፤ ግሩም ነው። ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው፣ እኔ ስድሳ ዘጠኝ ነኝ፣ አልታረቅንም። ጉልበቴን ግን ተወው፣ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለኝ፤ እሱን ደግሞ አትጠይቅም።

ዝም ብያለሁ አልክ። ዝም አትበል፤ እኔ ዝም ማለቱ ሰልችቶኛል። ልጄ ድንቡሼ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከቤት ወጥታ ከቀረች በዚህ ወር ሃያ ሁለት ዓመት ሞላ። ይኸው መታሁት፣ ጣሪያው አልወደቀም። አንተ የእህቴ ልጅ ነህ፣ ከእሷ ጋር በአንድ ቤት በአንድ ማዕድ ያደግክ፤ ስሟን ከአንተ ጋር ካላነሳሁ ከማን ጋር ላንሳ? ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ደብዳቤ የለ። አንዱ ሞታለች ይለኛል፣ አንዱ አግብታ ወልዳ ይሆናል ይለኛል። እኔ የማውቀው አለመምጣቷን ብቻ ነው።

መኪናው ደህና ነው፣ ሪባኑም ደህና ነው። አንዳንዴ እጄ ይስታል።

ስለ መጽሐፉ። ሰው በነጻ ሲመታልህ ምክሩንም በነጻ ትወስዳለህ። በረኛዋን አትግደላት። ንጉሡን ግደለው፣ ማንም አይጠይቅህም። ሐይቁን አድርቀው፣ ከተማዋን አፍርሳት፣ እሷን ግን በሯ ላይ ተዋት። ለምን እንደሆነ አልነግርህም።

የእጅ ጽሑፌ እየባሰበት ነው ብለህ አምና ይቅርታ ጠይቀህ ነበር፤ አትጨነቅ። ፍርድ ቤት ሳለሁ ምስክር ተንተባትቦ ካልሰማሁት ነጥብ ደርድሬ አልፋለሁ እንጂ ከራሴ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። ዳኛ ለምኖኝ አልጨመርኩም። ለአንተም እንደዚያው ነኝ።

አክስትህ


ኅዳር 9

እቴቴ፣

ከአንድ እስከ አራት ያሉት ምዕራፎች ተመትተው ደርሰውኛል፣ እጅሽ አይንጠፍ። አምስትና ስድስትን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ። በምን ላይ ነው የምትጽፈው ብለሽ ከገጾቹ ጋር በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ስቀሽብኛል። ደብተር አልቆብኝ የመጋዘኑን የዕቃ ማውጫ ጥራዝ ነው የተጠቀምኩት። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ሥር ንጉሥ፣ «ብዛት» በሚለው ሥር ሠራዊቱ። የክፍል ኃላፊያችን ቢያገኘው አንድ ሺህ ፈረሰኛ አውጥተሃል ብሎ ያስፈርመኛል።

ይህ ጥራዝ ግን አንድ ጉድ አመጣብኝ። ከየገጹ ሥር ካርቦን አለው። እስከ ዛሬ ደብተሩን ለአንቺ እልክና አንቺ መትተሽ ስትጨርሺ ታቃጥይዋለሽ፤ የእኔን ጽሑፍ እኔም ስለማላነበው ለምን ይቀመጣል ብለን። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ነገር ቅጂ እጄ ላይ ቀረ። ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ቀን ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አስተያየሁ።

እቴቴ፣ እባክሽ አትቆጪ። ንጉሡ ቃል በቃል ነው፣ ሠራዊቱም ቃል በቃል ነው። በረኛዋ ግን አይደለችም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ እኔ የጻፍኩት «በረኛዋ በሩን ከፈተች» ብቻ ነው። አንቺ የላክሽልኝ ላይ እንዲህ ይላል፦

«በረኛዋ በሩን ከፈተች። ‹ሂዱ› አለች። ‹እኔ መንገዱን አላውቀውም። ቅርብ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት። እዚህ የሚቆጠረው የሚወጣው ሰው ነው እንጂ የሚቀረው አይደለም።›»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ውብ ነው፣ ከእኔ ይበልጣል፤ የእኔ ግን አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ ድሮ በየገጹ ሦስት አራት ቦታ ነጥብ ትደረድሪልኝ ነበር። ከአምስተኛው መጽሐፍ ወዲህ አንድም ነጥብ የለም። ጨምረሽልኝ ከሆነ አመሰግናለሁ እንጂ አልከፋም፤ ብቻ ንገሪኝ።

ያንቺው ውሸቴ


ኅዳር 24

እኔ ጨመርኩ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በኔ እጅ ያለፈ ቃል ሰው አስሯል፣ ሰው ፈትቷል። አንድ ቀን ተጨመረ ተብሎ ስሜ አልተነሳም። ዛሬ የእህቴ ልጅ በካርቦን ሊመረምረኝ ተነሳ። የሰማሁትን መታሁ። ከሰማሁት አንዲት ፊደል አላጎደልኩም፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

አምስትና ስድስት ተመትተው በዚህ ውስጥ አሉ። የሚቀጥለውን ቶሎ ላክ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 14

እቴቴዬ፣

ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ልውቀስሽ፤ ከዚያ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ።

«የሰማሁትን» ብለሽ ጻፍሽ። ሰው የእጅ ጽሑፍ ያያል እንጂ አይሰማም። ነገሩ ሲከነክነኝ ከምድር ቤት ላለው ለልብስ ሰፊው ጎረቤትሽ ጻፍኩለት። መልሱ ትናንት ደረሰኝ። ከካቻምና ሐምሌ ጀምሮ ዓይንሽ ብርሃን አጥቷል። ደብዳቤዎቼን ወደ ሱቁ እየወረድሽ የሚያነብልሽ እሱ ነው፤ አንቺ መልሱን የምትመቺው በጣትሽ ልማድ ነው። መስመር የተደራረበው ለዚህ ነው። አንድ ዓመት ከአምስት ወር እኔን አሞኘሽኝ፣ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ መጥቼ ሳላይሽ ለመሞኘት ተመቸሁልሽ። እኔ ነኝ የማፍረው፣ አንቺ አትፈሪ።

ሰውየው ሌላም ነገር ጽፏል። እንዳለ ልገልብጠው፦ «ደብተሮቹን እኔ ላንብብልዎ ብያቸው አይሆንም አሉኝ። የምታነብልኝ አለች አሉ። ወደ እሳቸው ቤት የሚያስወጣው ደረጃ አንድ ነው፣ የሚጀምረውም ከመስፊያ መኪናዬ አጠገብ ነው። ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ወንበሬን ደረጃው አፍ ላይ አድርጌ ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። አንድም ሰው አልወጣም። መኪናው ግን ሲመታ ነበር። ዝም ይላል፣ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ይመታል። ሰው እየነገረው እንደሚጽፍ ሰው። እኔ ለክፉ ብዬ አይደለም የጻፍኩልዎ።»

እቴቴ፣ ማን ናት የምታነብልሽ? ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ?

ያንቺው


ጥር 6

ውሸቴ፣

ልብስ ሰፊው ይህን ደብዳቤህን ሲያነብልኝ ስለ ራሱ የተጻፈው ጋ ሲደርስ ሳል ያዘው። ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣ። እኔም እስኪጨርስ አስቀመጥኩት፤ ይገባዋል።

ዓይኔ እውነት ነው። መጀመሪያ መሃሉ ሄደ፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ። አልነገርኩህም፣ ምክንያቱም ከነገርኩህ ደብተር መላክ ትተዋለህ። ደብተርህ ለእኔ ሥራ ነበር፤ ሥራ የሌላት ሴት ደግሞ ምን እንደምታስብ እኔ አውቃለሁ።

ማን ናት ብለሃል። ይህን ደብዳቤ እኔ ስለምመታው ልብስ ሰፊው አያየውም፣ እንደልቤ ልንገርህ። የአምስተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ደብተር የደረሰኝ ዓይኔ በጠፋ በሦስተኛው ወር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በእጄ ዳበስኩት፤ ቅባቱን በጣቴ አገኘሁት፣ ፊደሉን ግን ከየት ላምጣው። አለቀስኩ። ከጀርባዬ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ አንዲት ልጅ ማንበብ ጀመረች።

አልዞርኩም። ብዞርስ ምን አያለሁ? መታሁ እንጂ። ሥራዬ ነው፤ ሰው ሲናገር እኔ እመታለሁ። ምዕራፉ ሲያልቅ ዝም አለች። ወለሉ አልተንቋቋም፣ በሩ አልተከፈተም። በማግስቱም በሦስት ሰዓት ጀመረች።

ስሟን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትና ሌላ ስም ብትነግረኝስ? ያንኑ ስም ብትነግረኝስ? ድምፅዋ ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አልተጨመረበትም። «ረ» ላይ ትንሽ ትጎትታለች፤ ይህን በልጅነቷ ማን ታደርግ እንደነበር ታውቃለህ። የአንተ ጽሑፍ የማይነበብበት ቦታ ሲደርስ እኔ ነጥብ ልደረድር ጣቴን አነሳለሁ፣ እሷ ግን አትቆምም፣ ትቀጥላለች። በረኛዋ ስትመጣ ደግሞ ጽሑፍህ ተነበበም አልተነበበም አትቆምም። እኔ የሰማሁትን መታሁ ያልኩህ ይህንን ነው።

አትምጣ። ለእኔ ብለህ ከሆነ አትምጣ። ሰው ሲኖር እንደማትመጣ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው አንድ ጠዋት ዱቄት ሊያመጣልኝ ቢወጣ ቃል ሳትጨርስ ተወች፣ አራት ቀንም ጠፋች። እነዚያን አራት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግርህም።

አሁን ለምን በረኛዋን አትግደላት እንዳልኩህ ገባህ። መጽሐፉንም አትጨርሰው። ደብተር ካልመጣ ምን ልታነብልኝ ትመጣለች? አንድ ጊዜ ወጥታብኛለች። አንተ ሁለተኛ አታስወጣብኝ።

አክስትህ


የካቲት 11

እቴቴ፣

አትጨርሰው ስትይኝ አሥር ቀን ብዕር አልነካሁም። በምሳ ሰዓት ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እየበላሁ የአሳንሰር በር ሲፈተሽ አዳምጥ ነበር። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ማንም አይገባም። ከዚያ ሳልፈልግ ጻፍኩ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ታሪኩ እዚያ ደርሶ ነበር፣ ስድስት ዓመት የተጓዝኩበት ቦታ ነው። አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል፣ ትልልቅ አድርጌ፣ ቅባት ሳላስነካ ጻፍኩት። ማንም ሌላ ነገር የሚያስገባበት ቀዳዳ እንዳይኖር ብዬ ነው። አውቄ ነው ያደረግኩት፣ ይቅር በይኝ።

የላክሽው ትናንት ደረሰ። ሐይቁ እስኪሞላ ድረስ ቃል በቃል አለ። በረኛዋ የምትሞትበት ሁለት ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች ነጥብ ነው። ነጥብ ብቻ። መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ታች አየሁት።

ከእሱ የባሰው ግን አብሮ የመጣው አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። እዚያ ላይ እኔ ያልጻፍኩት መስመር አለ። «ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት። አንድ ሰው አይቶኛል። ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩለት። እሺ አለኝ።»

እቴቴ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ያን ቅዳሜ አንቺ ምሳ በልተሽ ጋደም ብለሽ ነበር። እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ድንቡሼ በጓሮ በር በኩል በእግር ጣቷ እየረገጠች፣ ጫማዋን ደረቷ ላይ ይዛ አለፈች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፣ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። እሺ አልኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የወንድ ጓደኛ ይዛ ነው፣ ሲመሽ ትመለሳለች ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሲመሽ ስትቀር ነገ ትመጣለች አልኩ። በማግስቱ ፖሊሱ አየሃት ወይ ሲለኝ አላየሁም አልኩ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ዋሽቻለሁ ማለት ነበረብኝ፣ እሱን አልቻልኩም። የፈለጉት በዋናው መንገድ በኩል ነው። በጓሮ ወጥታ ወደ ታች እንደሄደች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንቺ ስለምፈጥረው ታሪክ ብለሽ ውሸቴ ባልሽኝ ቁጥር ያወቅሽብኝ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለወረቀትም። ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ይህን ደብዳቤ ልብስ ሰፊው እንዲያነበው ስላልፈለግኩ፣ ሳይከፍት በአንድ ደብተር ውስጥ ከቶ እንዲሰጥሽ ጠይቄዋለሁ። ጠዋት ታነብልሽ። ከኋላው አንድ ነጠላ ወረቀት አለ፣ ለእሷ የተጻፈ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለበት፦ የት ነው ያለሽው?


መጋቢት 3

ውሸቴ፣

ያንን መስመር የመታሁት እኔ ነኝ። «አንድ ሰው አይቶኛል» ስትል ጣቴ ደረቀ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ገጹን ላክሁልህና ጠበቅሁህ። ምስክር በራሱ አፍ እስኪናገር ዝም ብሎ መጠበቅ ከመምታት ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው፤ አብሬው ኖሬያለሁ።

ተናድጃለሁ። ሁለት ቀን አንተን ስረግም ነበር፣ በስምህ ጠርቼ። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ጀምሬያለሁ፣ ይበቃሃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ዕድሜ ነው።

ነጠላውን ወረቀት አነበበችው። ጥያቄህን እንደ ታሪክህ አላነበበችውም፣ ራሷ እንደተጠየቀች አድርጋ ነው ያነበበችው። ከዚያ መለሰች። መታሁት። አንድ ገጽ ከሩብ ነው። ያንን ገጽ አልክልህም፣ ደጋግመህ ብትለምነኝም አልክልህም። ከእኔ ጋር ነው የሚቀረው። አሁን አውቃለሁ፤ አንተ ሳታውቅ ኑር።

ስትጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገርኳት። አሥራ አራተኛውን ለምን ዘለልሽው አልኳት። «አንቺ አትፈልጊም ብዬ ነዋ» አለችኝ። ደከመሽ ወይ አልኳት። «ቆሜ ነው የማነበው» አለች።

ውሸቴ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጄን መስኮት ሥር አቁሜ አስነብቤያታለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ተቀምጬ።

ጻፈው። አሥራ አራተኛውን እንደገና ጻፈው። እንዳታስረዝመው። እንዳያማት። ሐይቁ እንዳይሞላ፣ ውሃ የሚባል ነገር እንዳታደርግበት፤ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ስታነበው እንድትቀመጥ እነግራታለሁ።

እቴቴህ


ሚያዝያ 2

እቴቴዬ፣

አራት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፣ ሁለተኛው ውሸት ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ራሴ አልቅሼ ወረቀቱ ራሰ፤ ውሃ አታድርግበት ስላልሽኝ እሱንም ጣልኩት። አራተኛው ይኸው፣ አንድ ገጽ ነው።

በልብስ ሰፊው እጅ ባስጻፍሽልኝ ካርድ ያማታል ወይ ብለሻል። አያማትም። ሐይቁ ደርቋል። የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ በረኛዋ በሩን ትዘጋለች። ደረቅ መሬት ላይ፣ ፀሐይ ባለበት፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቀመጣለች። እግሯን ትዘረጋለች። ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳታል። ማንም አይቀሰቅሳትም። ይኸው ነው። ንጉሡ የት እንደገባ እኔም አላውቅም፤ ስድስት ዓመት የደከምኩለት ሰውዬ ትዝ ያለኝ ፖስታውን ካሸግኩ በኋላ ነው።

አሥራ አምስትንና አሥራ ስድስትንም አብሬ ልኬያለሁ። መጽሐፉ አልቋል። ሽፋን ሰዓሊው በረኛዋን ከነፊቷ ልሳላት ወይ ሲለኝ አይሆንም ብዬዋለሁ። የዓመቱ ዕቅድ ከዚህ በኋላ ምንድን ነው ላልሽው፣ የለኝም። ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፣ በግንቦት አጋማሽ እመጣለሁ። አትምጣ ካላልሽኝ።

ለሁሉም ነገር ይቅር በይኝ።

ውሸቴ


ሚያዝያ 29

ውሸቴ፣

ደብተሩ ማክሰኞ ደረሰ። ረቡዕ ጠዋት መስኮቱ ሥር ወንበር አደረግሁ፣ ትራስም ጣል አደረግሁበት። በሦስት ሰዓት መጣች። ተቀመጪ አልኳት። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

አሥራ አራተኛውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። አንዲት ቃል አልዘለለችም፣ አንዲት ቃል ከራሷ አላደረገችም። ካርቦንህ ላይ ብታስተያየው ልክ ነው። እግሯን የምትዘረጋበት ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቀስ አለ፣ እኔም ለመስማት ዘንበል አልኩ። በደንብ ጽፈኸዋል። ደህና አድርገህ ነው የጻፍከው፣ ተባረክ።

ያ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ። መንገደኛው ይሰማኛል፣ የልብስ ሰፊው መኪና ይሰማኛል። ሌላ የሚሰማ የለም። የቀሩትን ሁለት ምዕራፎች እሱ እያነበበልኝ ነው፤ የሚያነበው የሱሪ ልኬት እንደሚጠራ ሰው ነው፣ ባልገባው ቁጥርም «እዚህ ጋ ሰውየው ምን ማለቱ ነው» እያለ እኔን ይጠይቀኛል። ነጥቡ በርክቶብሃል፣ ቻለው።

አለቀስሽ ወይ ብለህ አስጠይቀኸኛል። አዎ። ጥሩ ልቅሶ ነበር፤ ሰው ሲቀበር የሚለቀስ ዓይነት። ሃያ ሁለት ዓመት እሱን አላለቀስኩም ነበር። አሁን ምሳ ስበላ ለአንድ ሰው ነው የማቀርበው፣ በሩንም እቆልፋለሁ።

በዚህ ፖስታ የላክሁልህን የአሥራ አራተኛውን ገጽ ስትመጣ ይዘህልኝ ና። ከመጨረሻው መስመር በታች አንዲት ቃል ታገኛለህ። አንብባ ስትጨርስ ጠራችኝ፤ እጄ የሰማውን መምታት ልማዱ ስለሆነ መታው። የመጽሐፉ አይደለችም፣ ለማተሚያ ቤቱ አትስጥብኝ። በመቀስ ቁረጥልኝ፣ ጠርዙን ሰፋ አድርገህ፣ ዳብሼ እንዳገኘው።

እቴቴህ